ነጭ ድንክ ኮከብና የክብደቱ ወሰን

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቼና እኅቶቼ አስቀድመው ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ። እኔ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ። ከሒሳብ ጋር የተሰነባበትሁት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሲሆን፣ ስንለያይም አንዳችን ለአንዳችን አላለቀስንም። ታዲያ ስለ ከዋክብት ለመጻፍ ምን አደፋፈረህ የሚለኝ ቢኖር መልሴ አንድ ክርክር ነው። በመኝታ ክፍላችን አንድ ማታ ፊዚክስ የሚያጠና ጓደኛዬ፣ «የሞተ ኮከብ ክብደት ከተወሰነ ልክ አልፎ ሊቆም አይችልም፤ ልኩንም የሚወስነው የኤሌክትሮን ሕግ ነው» አለ። እኔም ከዓለም ሁሉ ትንሹ ነገር ትልቁን ነገር እንዴት አድርጎ ይገዛዋል ብዬ ሳቅሁበት። እርሱም፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልህ የምትተርት አንተ አይደለህምን?» ብሎ መለሰልኝ። እስከዚህ ድረስ በሰላም ነበርን። «እንዴት እንደ ሆነ አስረዳኝ» ብለው ግን፣ «ይህ ሒሳብ ይጠይቃል፤ ለእናንተ አይሆንም» አለኝ።

«ለእናንተ» ያላት ቃል እንቅልፍ ነሣችኝ። ስለዚህ ሁለት ወር ያህል በትርፍ ጊዜዬ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የቻልሁትን አነበብሁ። ያገኘሁትም ነገር ይህ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ለማውጣት በእርግጥ ከባድ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ወሰን መኖሩን ለመረዳት ግን ማባዛት የሚችል ሰው ይበቃል። ይህንንም ከዚህ በታች አሳያለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌአለሁ። ደግሞም «ክብደት» የምለው በሚዛን የሚታየውን ሳይሆን በአካሉ ውስጥ ያለውን የቁስ ብዛት ነው፤ ሁለቱን ስንቀላቅል የፊዚክስ መምህራን እንደሚቈጡ አውቃለሁና።

በጥርና በየካቲት ምሽት ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው ከሌሊቱ ከዋክብት ሁሉ ይልቅ የምታበራውን ያያል። ስሟ ሲሪየስ ነው፤ ብርሃኗ ወደ እኛ ለመድረስ 8 ዓመት ከ7 ወር ያህል ይፈጅበታል። በ1844 ቤሰል የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ሲሪየስ በሰማይ ላይ ስትጓዝ ቀጥ ብላ እንደማትሄድ፣ አንድ የማይታይ ነገር ወዲያና ወዲህ እንደሚጐትታት አስታወቀ። በ1862 አልቫን ግራሃም ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ መነጽር ሠሪ አዲስ ያበጀውን ትልቅ መስተዋት ሲሞክር በሲሪየስ አጠገብ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አየ። ጐታቹ ተገኘ። ሊቃውንቱም ሲሪየስ ቢ ብለው ጠሩት።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ከሰማይ መዝገብ አንድ መሥመር ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1915 ዋልተር አዳምስ በአሜሪካ በማውንት ዊልሰን የሚገኘውን ታላቅ ቴሌስኮፕ ይዞ የዚህን ደብዛዛ ኮከብ ብርሃን በቀለም በቀለሙ ቢለየው፣ ኮከቡ ደብዛዛ የሆነው ስለ ቀዘቀዘ አለመሆኑን አወቀ። እንዲያውም ከፀሐይ ይልቅ የጋለና ነጭ ነው። እኩል የጋሉ ሁለት ብረቶች በጨለማ ክፍል ቢቀመጡና አንዱ በብርሃኑ እጅግ ቢያንስ፣ ያ ብረት በመጠኑ ትንሽ መሆኑን ማንም ይረዳል። ሲሪየስ ቢም እንዲሁ ነው። ከምድራችን በጥቂቱ ያነሰ፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ክብደት ጋር የሚተካከል ሆኖ ተገኘ። ፀሐይን የሚያህል ቁስ ምድርን በሚያህል ከረጢት ገባ ማለት ነው። ከዚያ ኮከብ ጐኑ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቈርሰን ወደ ምድር ብናመጣ ከ20 ኩንታል በላይ ይመዝናል። በዚያን ዘመን ብዙ ሊቃውንት ይህን ሲሰሙ ከንቱ ነገር መሰላቸው። እኔም ሳነበው አንድ ዜሮ በስሕተት የተጨመረ መስሎኝ ሌላ መጽሐፍ አገላብጫለሁ።

ነጭ ድንክ የሚባለው እንግዲህ ይህን የመሰለ ኮከብ ነው። ፀሐያችን ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም እየለወጠች ትሞቃለች፤ ሙቀቱም ጋዟን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስበት ደግሞ ወደ ውስጥ ይጨምቃታል፤ ሁለቱ ሲመዛዘኑ ፀሐይ ቆማ ትኖራለች። ማገዶው ካለቀ በኋላስ? ነጭ ድንክ ማገዶውን ጨርሶ፣ የውጭ ልብሱን ወደ ጠፈር ጥሎ፣ ውስጡ ብቻ የቀረ ኮከብ ነው። በእርሱ ውስጥ ግፊቱ ስለ በረታ አቶሞች ተሰብረው ኤሌክትሮኖቻቸው ከኒውክሊየሶቹ ተለይተው ይሯሯጣሉ። የሚያስቸግረው ጥያቄ፣ አዲስ ሙቀት ሳያገኝ ይህን ሁሉ ጭነት የተሸከመው በምን ኀይል ነው? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ አጥብቆ ያነሣው እንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን ነበር። እንዲህ ያለ ኮከብ ሙቀቱን ጨርሶ መቀዝቀዝ ሲፈልግ ወደ ተራ ድንጋይነት ይመለስ ዘንድ ስበትን ተቃውሞ መስፋት አለበት፤ ለመስፋት ደግሞ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ጉልበቱን ግን ጨርሷል። ገንዘቡን ሁሉ ከተማ ላይ አጥፍቶ ወደ አገሩ መመለሻ የትራንስፖርት እንዳጣ ሰው ነው። መቀዝቀዝም አለመቀዝቀዝም የማይችል ኮከብ!

መልሱ ከሰማይ ተመልካቾች ዘንድ አልመጣም፤ ስለ አቶም ከሚመራመሩት ዘንድ መጣ። በ1925 ቮልፍጋንግ ፓውሊ ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድ ዓይነት ሁኔታ አብረው ሊገኙ አይችሉም የሚለውን የክልከላ ሕግ አወጣ። በ1927 ደግሞ ሃይዘንበርግ አንድን ኤሌክትሮን በጠበበ ስፍራ ባጠርነው መጠን ሞመንተሙ ያን ያህል ከፍ ወዳለ እንደሚሰፋ አስረዳ። (ሞመንተም ማለት ለጊዜው ክብደት በፍጥነት ሲባዛ ነው ብለን እንለፈው፤ በግድግዳ ላይ ሲያርፍ ምን ያህል እንደሚመታ ይነግረናል።)

ይህንን ለራሴ ያስረዳሁት በሌክቸር አዳራሻችን ነው። አዳራሹ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የሚሄድ ነው እንበል። ታችኛው ረድፍ የዝግተኞች ኤሌክትሮኖች መቀመጫ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቍጥር ፈጣኖቹ ይቀመጣሉ። ሕጉ በአንድ ወንበር ላይ ከሁለት በላይ አይፈቅድም፤ እነርሱም ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ ያዞሩ መሆን አለባቸው። እንግዲህ ሁሉም ደክሞት ታች መቀመጥ ቢፈልግ እንኳ ታችኛው ረድፍ ከሞላ የቀረው ወደ ላይ መውጣት ግዱ ነው። በላይኛው ረድፍ የሚገኘው ኤሌክትሮን የሚሮጠው ሙቀት ስላገኘ ሳይሆን ታች ቦታ ስለ ታጣለት ነው። ኮከቡ በፍጹም ቢቀዘቅዝም እነዚህ ኤሌክትሮኖች መሮጣቸውን አይተዉም፤ ሩጫቸውም ግፊት ነው። በ1926 መጨረሻ ራልፍ ፋውለር የተባለው የኬምብሪጅ መምህር ይህንን ሐሳብ ወስዶ ነጭ ድንክን የተሸከመው ይኸው ግፊት መሆኑን አሳየ። የኤዲንግተን እንቆቅልሽ ተፈታ፤ ኮከቡ ሳይሰፋ መቀዝቀዝ ይችላል። ኤዲንግተንም በመልሱ ደስ ተሰኘ። ወደፊት ለሚመጣው ይህን እናስታውሰው።

በፋውለር ሒሳብ መሠረት ማናቸውም ኮከብ፣ ምንም ያህል ቢከብድ፣ በመጨረሻው በሰላም ነጭ ድንክ ሆኖ ያርፋል። በዚህ ጊዜ በደቡብ ህንድ በማድራስ ከተማ አንድ ወጣት የፊዚክስ ተማሪ ነበር፤ ስሙም ሱብራማንያን ቻንድራሴካር ነው። በ1928 ታላቁ ጀርመናዊ ሊቅ ሶመርፌልድ ወደ ማድራስ ሲመጣ ይህ ወጣት ያረፈበት ድረስ ሄዶ አነጋገረው፤ ሊቁም የተማርኸው ፊዚክስ አርጅቷል ብሎ ስለ አዲሱ የኳንተም ትምህርት ነገረው፤ ገና ያልታተመ ጽሑፉንም ሰጠው። ወጣቱ በዚያ ተነሥቶ ራሱን አስተማረ። በሐምሌ 1930 መጨረሻ፣ ገና 19 ዓመቱ ሳለ፣ በፋውለር ዘንድ ለመማር ከቦምቤይ በመርከብ ተሳፈረ። መርከቡ በቀይ ባሕርና በስዊዝ አልፎ ወደ ቬኒስ የሚሄድ ነበር። እንግዲህ በቀይ ባሕር ሲያልፍ ይሆን ወይም ከዚያ በፊት፣ ባሕር ላይ ተቀምጦ የፋውለርን ሒሳብ ሲመረምር አንድ ጥያቄ መጣበት። በነጭ ድንክ መካከል ያሉት ኤሌክትሮኖች ፍጥነት ስንት ነው? ቢያሰላው የብርሃንን ፍጥነት ወደ መቅረብ ደረሰ። ፋውለር ግን አይንስታይንን ሳይጠይቅ ነበር ያሰላው።

ጓደኛዬ አይገባችሁም ያለውን ክፍል አሁን እንመልከት። ወረቀትና እርሳስ ያለው ቢያወጣ መልካም ነው፤ እኔ በካፌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው የሠራሁት።

ኮከቡን ስበት ጨምቆት ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት ግማሽ ሆነ እንበል። ክብደቱ አልተለወጠም። ስበት ምን ያህል በረታ? ኒውተን እንዳስተማረው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ስበት 4 እጥፍ ይሆናል። ይህ 4 እጥፍ የበረታው ኀይል የሚያርፍበት የገጽ ስፋት ደግሞ ወደ ሩብ ወርዷል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ጫና 4 ጊዜ 4፣ ማለት 16 እጥፍ ሆነ። ስበት ሒሳቡን አቀረበ፤ 16 ክፈሉ ይላል።

ኤሌክትሮኖቹ ምን አላቸው? ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም በግማሽ ስላነሰ በአንድ ኩብ ሜትር ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች 8 እጥፍ ሆኑ። እያንዳንዱ የታጠረበት ስፍራ ርዝመቱ ግማሽ ስለሆነ በሃይዘንበርግ ሕግ ሞመንተሙ 2 እጥፍ ሆነ። ሞመንተሙ 2 እጥፍ ከሆነ ፍጥነቱም 2 እጥፍ ነው። ግፊት ማለት ስንት ኤሌክትሮኖች እንዳሉ፣ እያንዳንዱ ሲያርፍ ምን ያህል እንደሚመታና ምን ያህል ቶሎ ቶሎ እንደሚመላለስ፣ እነዚህ ሦስቱ ተባዝተው የሚገኙት ነው። 8 ጊዜ 2 ጊዜ 2፣ 32 ነው። ስበት 16 ሲጠይቅ ኤሌክትሮኖቹ 32 ከፈሉ! ስለዚህ ኮከቡ ትንሽ ሲጨመቅ ኤሌክትሮኖቹ ያሸንፋሉ፤ ከስበት ጋር የሚመዛዘኑበት መጠን ላይም ይቆማል። ፋውለር የደረሰው እስከዚህ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ የሚያስገርም ነገር ይከተላል፤ ነጭ ድንክ በከበደ ቍጥር ያንሳል። በምጣድ ላይ ሊጥ ስንጨምር እንጀራው ይሰፋል፤ በነጭ ድንክ ላይ ቁስ ስንጨምር ግን ኮከቡ ይኰማተራል።

አሁን አይንስታይን ይግባ። ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም፤ ብርሃንም በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ኤሌክትሮኖቹ ወደዚህ ፍጥነት ከተጠጉ በኋላ ስንጨምቃቸው ሞመንተማቸው እንደ ቀድሞው 2 እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነታቸው ግን የሚጨምርበት ስፍራ የለውም። ስለዚህ 8 ጊዜ 2 ጊዜ 1፣ 16 ሆነ። ስበት የሚጠይቀው 16፣ ኤሌክትሮኖቹ የሚከፍሉት 16! ኮከቡ ቢጨመቅ ምንም አይጠቅመውም፤ እንደገና በግማሽ ቢያንስ አሁንም 16 ለ16 ነው። ቀድሞ የበለጠ እንደ በለጠ፣ የተበለጠም እንደ ተበለጠ ይቀራል።

ታዲያ ማን እንደሚበልጥ የሚወስነው ምንድር ነው? መጠኑ ከሒሳቡ ወጥቷልና የቀረው ክብደቱ ብቻ ነው። በዚያው ስፋት ላይ ክብደቱን 2 እጥፍ ብናደርገው የስበት ጫና 4 እጥፍ ይሆናል፤ የፈጣኖቹ ኤሌክትሮኖች ግፊት ግን ወደ 2 እጥፍ ተኩል ብቻ ያድጋል። እንግዲህ ክብደት ሲጨምር ስበት የሚቀድምበት አንድ ልክ መኖሩ የማይቀር ነው። ከዚያ ልክ በታች ያለው ኮከብ ቆሞ ይኖራል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ኤሌክትሮን ሊያቆመው አይችልም።

ይህን ደረሰኝ ለጓደኛዬ ባሳየው ብዙ ዝም ብሎ አየውና ሁለት እርማት ብቻ አደረገልኝ። አንደኛ፣ ኤሌክትሮኖቹ ከዝግታ ወደ ብርሃን ፍጥነት የሚሸጋገሩት ቀስ በቀስ ነው፤ ስለዚህ ኮከቡ ወደ ወሰኑ በቀረበ መጠን እየጠበበ ይሄዳል፤ በሒሳቡም ወሰኑ ላይ ሲደርስ መጠኑ ዜሮ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በኮከቡ መካከልና በጠርዙ ያለው ግፊት አንድ ስላልሆነ እውነተኛውን ቁጥር ለማግኘት ከመካከል እስከ ጠርዝ ደረጃ በደረጃ ማስላት ያስፈልጋል። እኔም ይህን ያህሉን ለእነርሱ እተዋለሁ ብዬ ታረቅን።

ቻንድራሴካር በ1931 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ያገኘው ቁጥር የፀሐይን ክብደት 0.91 ጊዜ ነበር። ይህ ያነሰው የሒሳቡ መንገድ ስለ ተሳሳተ ሳይሆን ኮከቡ ከምን እንደ ተሠራ የተገመተው ግምት ልክ ስላልነበረ ነው። የሚገፉት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ክብደቱን የሚያመጡት ግን ፕሮቶንና ኒውትሮን ናቸው። በሂሊየም፣ በካርቦንና በኦክስጅን ውስጥ ለአንድ ኤሌክትሮን ሁለት ከባዶች ይደርሱታል። በዚህ ሲታሰብ ወሰኑ የፀሐይን ክብደት 1.44 ጊዜ ያህል ሆነ፤ በልማድም 1.4 ይባላል። ለፍርድም እንዲሆን መናገር የሚገባኝ፣ በኢስቶኒያ ዊልሄልም አንደርሰን በ1929፣ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ኤድመንድ ስቶነር በ1930 ወሰን መኖሩን ጽፈው ነበር፤ ሩሲያዊው ላንዳውም በ1932 ወደዚያው ደርሷል። የቻንድራሴካር ስም የቀረው ኮከቡን ሙሉ በሙሉ፣ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ፣ አስልቶ ስላሳየ ነው።

ወሰኑ ከምን ከምን እንደ ተቀመመ ማየት ደስ ይላል። ከከባዱ ሒሳብ ስንለየው በቀመሩ ውስጥ የሚቀሩት አራት ነገሮች ናቸው፤ የኳንተም ምልክት የሆነው የፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ የብርሃን ፍጥነት፣ የስበት ቋሚ ቁጥር፣ የፕሮቶን ክብደት። የኤሌክትሮን ክብደት የለበትም! እርሱ የኮከቡን ስፋት ይወስናል እንጂ ወሰኑን አይነካም። የፕላንክ ቁጥር ዜሮ ቢሆን፣ ማለት ኳንተም የሚባል ነገር ባይኖር፣ ወሰኑም ዜሮ ይሆን ነበር፤ ማገዶውን ከጨረሰ ኮከብ አንድ እንኳ በዚህ መንገድ ቆሞ ባልተገኘ ነበር። ብርሃንም ወሰን የሌለው ፍጥነት ቢኖረው ወሰን ባልተገኘም ነበር። በጓደኛዬ ላይ የሳቅሁት ሳቅ ያን ጊዜ በጉሮሮዬ ቀረ።

ቻንድራሴካር ግን የተሳቀበት ከእኔ በላቀ ሰው ነው። ጥር 11 ቀን 1935 በለንደን በንጉሣዊው የሥነ ፈለክ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሙሉ ሥራውን አቀረበ። 24 ዓመቱ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ የተነሣው ኤዲንግተን ነው። ኤዲንግተን ማለት በ1919 በአፍሪካ ምዕራብ ወደምትገኘው ወደ ፕሪንሲፔ ደሴት ሄዶ የፀሐይን ግርዶሽ በፎቶግራፍ አንሥቶ የአይንስታይንን ትምህርት ለዓለም ያረጋገጠው ነው። ባለፉት ወራት ወደ ወጣቱ ክፍል እየተመላለሰ ሒሳቡን ሲከታተል ቆይቷል፤ ምን ሊናገር እንዳሰበ ግን አልነገረውም። በጉባኤው ፊት፣ እንዲህ ያለው ኮከብ ጥቂት ኪሎ ሜትር እስኪሆን ተኰማትሮ ስበቱ ብርሃኑን እስከ መያዝ ሊደርስ ነው፤ ኮከብ እንዲህ ያለ ከንቱ ነገር እንዳያደርግ የሚከለክለው የተፈጥሮ ሕግ ሊኖር ይገባል፤ ሬላቲቪቲንና የክልከላውን ሕግ እንዲህ ማጣመርም ሕጋዊ ጋብቻ አይደለም አለ። ጉባኤውም ሳቀ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ኤዲንግተን የሒሳቡን ፍጻሜ ከማንም አስቀድሞ በግልጽ አይቶታል። ዛሬ ጥቁር ጉድጓድ የምንለውን ቃል በቃል ገልጾታል። ያየው ነገር ግን አስጠላውና መንገዱን ካደ። ፓውሊንና ቦርን የመሰሉ ሊቃውንት በግል ሲጠየቁ ቻንድራሴካር ልክ ነው ይሉ ነበር፤ በአደባባይ ወጥተው ግን አልመሰከሩም። ኤዲንግተን ስለ ተሳሳተ አልፈርድበትም፤ መሳሳት የሁላችን ነው። ልክ መሆኑን እያወቁ ዝም ባሉት ላይ ግን እፈርዳለሁ፤ የዝምታቸውን ዋጋ የከፈለው እንግዳ አገር የሚኖር ወጣት ነበርና። ቻንድራሴካር በ1937 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1939 ሥራውን ሁሉ በመጽሐፍ አደራጅቶ አሳተመና ወደ ሌላ ጥናት ተሻገረ። ከኤዲንግተን ጋር ግን ጠብ አልነበራቸውም፤ ኤዲንግተን በ1944 ሲሞት በአክብሮት ተናግሮለታል፤ በ1982ም በተወለደ በመቶ ዓመቱ በኬምብሪጅ ስለ እርሱ ሌክቸር ሰጥቷል። በ1983 የኖቤል ሽልማት ከዊልያም ፋውለር ጋር ተካፈለ። (ይህ ፋውለር ያ ፋውለር አይደለም፤ እኔም ግራ ተጋብቼ አንድ ማታ አጥፍቻለሁ።) በ1995 በቺካጎ አረፈ።

ወሰኑን ያለፈ ኮከብ ምን ይሆናል? ከፀሐይ 8 እጥፍ ያህል እስከሚከብዱት ድረስ ያሉት ከዋክብት አብዛኛውን ቁሳቸውን ወደ ጠፈር በትነው ከ1.4 በታች ሆነው ነጭ ድንክ ይሆናሉ። ፀሐያችንም ወደ 5 ቢሊዮን ዓመት ከሚሆን ጊዜ በኋላ መስፋት ጀምራ በመጨረሻው የዚሁ ዕጣ ተካፋይ ናት። ከዚያ በላይ የሚከብዱት ግን በመካከላቸው የብረት እምብርት ያከማቻሉ፤ ብረት ማገዶ አይሆንም፤ እምብርቱም እያደገ ወሰኑን ሲነካ ኤሌክትሮኖቹ ጭነቱን መሸከም ተስኗቸው በአንድ ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ ይፈርሳል። ኤሌክትሮኑና ፕሮቶኑ ተጣብቀው ኒውትሮን ይሆናሉ፤ የቀረው የኮከቡ አካልም ፈንድቶ ይበተናል። ከዚህ የሚቀረው የኒውትሮን ኮከብ ስፋቱ ከአንድ ከተማ አይበልጥም። በ1967 እንዲህ ያለውን ኮከብ በሬዲዮ ምልክቱ መጀመሪያ ያስተዋለችው ጆስሊን ቤልም በኬምብሪጅ ተማሪ ነበረች። የኒውትሮን ኮከብም በበኩሉ የራሱ ወሰን አለው፤ ያን ያለፈው ኤዲንግተን ወዳስጠላው ጉድጓድ ይገባል።

ሌላም መንገድ አለ። ነጭ ድንክ ከጐረቤቱ ኮከብ ጋዝ እየቀዳ ወደ ወሰኑ ቢጠጋ በውስጡ ያለው ካርቦን ባንድ ጊዜ ይቀጣጠልና ኮከቡ በሙሉ ይፈነዳል። ታይኮ ብራሄ በ1572 አይቶ የጻፈው አዲስ ኮከብ የነጭ ድንክ ፍንዳታ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ፍንዳታ ሁሉ ከዚሁ ወሰን አጠገብ የሚነሣ ነው አይባልም፤ ሁለት ድንኮች ሲጋጩም ይሆናል። ነገር ግን ብርሃናቸው እርስ በርሱ ስለሚቀራረብ ርቀት መለኪያ ሆነዋል፤ በዚህም መለኪያ በ1998 ዓለማት እርስ በርሳቸው የሚራራቁበት ፍጥነት እየጨመረ መሄዱ ታወቀ፤ በ2011 ፐርልሙተር፣ ሽሚትና ሪስ ኖቤል ተሸለሙበት። በምድራችን ካለው ብረትም ብዙው ከእንዲህ ያለ ፍንዳታ የመጣ ነው። የመኝታ ክፍላችን አልጋ የብረት መሆኑን ልብ ይሏል።

በ2021 የታወቀ አንድ ነጭ ድንክ ደግሞ ወደ ወሰኑ ጠርዝ ተጠግቶ ተገኝቷል። ክብደቱ የፀሐይን 1.35 ጊዜ ያህል ነው፤ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት ግን 2,140 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከጨረቃ እምብዛም አይበልጥም። ሲሪየስ ቢ በ1.02 ክብደት ምድርን ሲያህል፣ ይህ በ1.35 ጨረቃን አከለ። ቻንድራሴካር በመርከብ ላይ የጀመረው ሒሳብ የሚለውም ይህንኑ ነው።

ጓደኛዬ በቅርቡ፣ «ሲሪየስ ቢ ለወሰኑ 0.4 ያህል ብቻ ቀርቶታል፤ ትልቋ ሲሪየስም ወደፊት ስታረጅ ጋዟን ትበትናለች፤ ታዲያ ይፈነዳብን ይሆን?» ብሎ ሊያስፈራራኝ ሞከረ። እኔም መልሱን አንብቤው ነበርና አልደነገጥሁም። ሁለቱ አንዱ ሌላውን ለመዞር 50 ዓመት ይፈጅባቸዋል፤ በመካከላቸውም ያለው ርቀት ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት በአማካይ 20 ጊዜ ያህል ነው። ትልቋ የምትበትነው ጋዝ አብዛኛው በዚህ ሁሉ ስፋት መካከል ወደ ጠፈር ይሄዳል፤ ድንኩ የሚቀልበው ጥቂቱን ብቻ ነው።